የምን መቶ?

በዩኒቨርስቲያችን ውስጥ አንድ የቆየ እምነት አለ፤ ይኸውም የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ማለት ከሒሳብ ሸሽቶ የተጠጋ ስደተኛ ነው የሚለው ነው። የሳይንስና የምሕንድስና ወንድሞቻችን ለምሳ ተሰልፈን ሳለ እንኳ ይህችን ቀልድ ሳይወረውሩብን አያልፉም። ለቀልዱ መልስ ለመስጠት ብዬ ብዕር አላነሣሁም፤ ከቀልድ ውስጥ ጥቂት እውነት አይጠፋምና። ነገር ግን በሒሳብ ትምህርት ውስጥ ለእነርሱ ብቻ ለቀን ልንተውላቸው የማይገባን አንድ ክፍል አለ ብዬ አምናለሁ። እርሱም በቃላት ተጽፎ የሚቀርበው የመቶኛ ጥያቄና፥ ከእርሱ ጋር ተጣምሮ የሚመጣው ፓይ ቻርት የሚባለው ክብ ሥዕል ነው።

ይህን የምልበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። ማባዛትና ማካፈል ዛሬ በእጅ ስልካችን ውስጥ ያለው የሒሳብ መሣሪያ የሚሠራው ሥራ ነው። 37ን በ248 አባዝቶ ለ100 ማካፈል ሊቅነትን አይጠይቅም። መሣሪያው የማያውቀው ግን የትኛው ቁጥር ለየትኛው እንደሚካፈል ነው። ይህን የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገርን አጣርቶ ማንበብ ደግሞ፥ ቢያንስ በወረቀት ላይ፥ የኛ የአርት ተማሪዎች ሙያ ነው። ስለዚህ በመቶኛ ጥያቄ የተሳሳተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው በንባቡ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ነገሩን ከአገሬ ልጀምረው። አገሬ ሐሙሲት ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ፥ ወረታ ሳይደረስ፥ በደራ ወረዳ የምትገኝ በሐሙስ ገበያዋ የምትታወቅ ከተማ። በአገሬ ገበሬ አፍ «መቶኛ» የሚለው ቃል እምብዛም አይሰማም። እኩሌታ፥ ሲሶ፥ እርቦና አስራት የሚሉት ቃላት ግን ከአባት ከአያት የወረዱ ናቸው። «ሲሶ ለነጋሽ፥ ሲሶ ለቀዳሽ፥ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን አባባል ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ይህን አባባል በወረቀት ላይ ብንሥለው በየ120 ዲግሪው የተከፈለ ክብ ይወጣዋል። እንግዲህ አባቶቻችን ፓይ ቻርትን ሳይሥሉ ያውቁት ነበር ማለት ነው፤ ሦስቱ ቁራጮች በተግባር እኩል ነበሩ ወይ የሚለውን ለታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን እተወዋለሁ።

አጎቴ ከደከሙ ወዲህ መሬታቸውን በየእኩል ያሳርሳሉ። አንድ ጊዜ ከአራሹ ጋር ሲዋዋሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አራሹ ጎልማሳ «መቼም እኩል በእኩል ነው» ባለ ጊዜ አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁና «እርሱስ ደግ፤ ዘሩ ተነሥቶ ነው ወይስ ሳይነሣ?» አሉት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ረጅም ነበረ፤ ሽማግሌዎቹም ሁለት ጊዜ ጠላ አስቀዱ።

ክርክሩ ለምን እንደ ረዘመ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ምርቱ 20 ኩንታል ስንዴ፥ አራሹ ያወጣው ዘር 2 ኩንታል ነው እንበል። ዘሩ ሳይነሣ ቢካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 10 ኩንታል ይደርሳቸዋል። ዘሩ አስቀድሞ ቢነሣ ግን የሚካፈሉት 18 ኩንታል ስለ ሆነ ለባለ መሬቱ 9፥ ለአራሹ ዘሩን ጨምሮ 11 ይሆናል። ከጠቅላላው ምርት ስንመለከተው አጎቴ ከ50 በመቶ ወደ 45 በመቶ ወረዱ ማለት ነው። በሁለቱም ውል የተነገረው ቃል ግን ያው «እኩሌታ» ነው። አጎቴ ፊደል ከቆጠሩበት ከቄስ ትምህርት ቤት በቀር ሌላ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ሆኖም በመቶኛ ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትን ጠየቁ፤ እኩሌታው የምን እኩሌታ ነው?

አሁን ወደ ክፍላችን ልመለስ። «ከአንድ ክፍል ተማሪዎች 40 በመቶው ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹ 25 በመቶው መነጽር ያደርጋሉ። ክፍሉ 60 ተማሪዎች ቢኖሩት መነጽር የሚያደርጉት ሴቶች ስንት ናቸው?» ይህን የመሰለ ጥያቄ ያልገጠመው ተማሪ የለም። ችኩሉ 25ን ሲያይ የ60ን እሩብ ወስዶ 15 ይላል። የተረጋጋው ግን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ «ከሴቶቹ» የሚለውን ቃል ያያል። መቶው ተለውጧል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መቶ የተባለው ክፍሉ ነበረ፤ በሁለተኛው ግን መቶ የተባሉት ሴቶቹ ናቸው። ሴቶቹ 24 ናቸው፤ የ24 እሩብ 6 ነው። ስድስቱም ከጠቅላላው ክፍል 10 በመቶ ብቻ ይሆናሉ። እንግዲህ ጥያቄው በሙሉ የቆመው «ከ» የምትባለው አንዲት ፊደል በማን ራስ ላይ እንደ ተቀመጠች በማወቅ ላይ ነው። ይህ የሰዋስው ጥያቄ ካልሆነ ሰዋስው ሌላ ምን እንደ ሆነ ይነገረኝ።

አማርኛ በዚህ ረገድ ደግ ቋንቋ ነው። «ከተማሪዎቹ 40 በመቶው» ስንል ሙሉውን አስቀድመን እንጠራለን፤ አድማጩ ቁጥሩን ከመስማቱ በፊት የምን ቁጥር እንደ ሆነ ያውቃል። በእንግሊዝኛ ግን ቁጥሩ ይቀድምና ሙሉው «ኦፍ» ከምትባል ትንሽ ቃል ኋላ ይከተላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን፥ በአማርኛ ጎበዝ የነበሩ አያሌ ጓደኞቼ በዚህች ቃል ላይ ሲሰናከሉ አይቻለሁ። ማባዛቱ አልጠፋባቸውም፤ ዓረፍተ ነገሩን ከኋላው ጀምረው ሙሉውን እንዲፈልጉ የመከራቸው ሰው ባለመኖሩ ነው እንጂ።

ይሁን እንጂ አማርኛም የራሱ ወጥመድ አለው። በአንድ ትምህርት ቤት የሴት ተማሪዎች ድርሻ 30 በመቶ ነበረ፤ በዓመቱ ወደ 36 በመቶ ከፍ አለ እንበል። አንዱ ዘጋቢ «በ6 ጨመረ» ይላል፤ ሌላው «በ20 በመቶ ጨመረ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከ30 እስከ 36 ያለው ርቀት 6 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ 6 ደግሞ የ30 አንድ አምስተኛ ስለ ሆነ ጭማሪው 20 በመቶ ነው። ነገር ግን «በ20 በመቶ ጨመረ» የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው ድርሻው ከ30 ወደ 50 የደረሰ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። የትኛውን እንደሚመርጡ የሚያውቁት ደግሞ ደስ ሊያሰኙን የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «የመቶኛ ነጥብ» የሚለውን ስም በቋንቋችን ልናለምደው የሚገባን ይመስለኛል።

የገበያ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ስም ያውቀዋል። አክስቴ በሐሙስ ገበያ እህል ይነግዳሉ። ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ እንዲህ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ «አክስቴ፥ አንድ ኩንታል ጤፍ 10,000 ብር ነበረ እንበል። መጀመሪያ ከመቶ 20 ብር ወጣ፤ ኋላ ደግሞ ከመቶ 20 ብር ወረደ። አሁን ስንት ሆነ?» እርሳቸውም የያዙትን ቁና ሳያስቀምጡ «ሲወጣ በትንሹ ላይ ወጣ፤ ሲወርድ ከትልቁ ላይ ወረደ። ታዲያ እንዴት ተብሎ ከቦታው ይመለሳል፥ ልጄ?» አሉኝ። አነጋገራቸው የታረመ መልስ ነው። 10,000 ብር ሲጨምር 12,000 ሆነ፤ የ12,000 ከመቶ 20 ግን 2,400 ስለ ሆነ ሲቀነስ የቀረው 9,600 ብር ነው። ይህንኑ ጥያቄ በመኝታ ክፍላችን ላሉት ስምንት ልጆች ባቀርብላቸው አምስቱ ሳያመነቱ «10,000» አሉ። አምስት ከስምንት 62.5 በመቶ ነው። በዚህ ቁጥር ተመርኩዤ ስለ ዩኒቨርስቲያችን ተማሪዎች ሁሉ ብጽፍ ግን የሚታዘበኝ ብዙ ነው፤ የስምንት ሰው መቶኛ ከነነጥቡ ሲጻፍ ጥናት ይመስላልና።

በሱቅም ሆነ በምግብ ቤት የሚሰጠን ደረሰኝ እንዲሁ የቃላት ጥያቄ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ታክሱን ጨምረን 1,150 ብር ከከፈልን፥ ከዚህ ውስጥ ታክሱ ስንት ነው? የ1,150ን 15 በመቶ የሚወስድ ሰው 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል፤ ትክክለኛው ግን 150 ብር ነው። 15 በመቶው የተጣለው በዕቃው ዋጋ፥ ማለት በ1,000 ብር ላይ እንጂ እኛ በከፈልነው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ አይደለም። አጎቴ ደረሰኙን ቢያዩት ኖሮ «ታክሱ ተነሥቶ ነው ወይስ ሳይነሣ?» ይሉ ነበር።

እስካሁን ስለ መቶኛ ብቻ ተናገርሁ፤ አሁን ወደ ክቡ ሥዕል ልለፍ። «ፓይ ቻርት» የሚለውን ስም ሲሰሙ ብዙ ልጆች ያ 3.14 የሚባለው ፓይ ዘመዱ ይመስላቸዋል፤ ክብ የሆነ ነገር ሁሉ ከእርሱ አያመልጥምና። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ይኼኛው ፓይ ፈረንጆች ጋግረው ከመካከሉ ጀምረው እየሰነጠቁ የሚካፈሉት ክብ ምግብ ነው። ሥዕሉን በመጀመሪያ አሳትሞ ያወጣው ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ የስኮትላንድ ሰው ሲሆን ዘመኑም 1801 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ የቱርክ መንግሥት ግዛት በእስያ፥ በአውሮፓና በአፍሪካ ተዘርግቶ ስለ ነበረ ፕሌይፌር የየክፍሉን ስፋት በአንድ ክብ ውስጥ ከፋፍሎ አሳየ።

የክቡ ሥራ ቀላል ነው። ክብ 360 ዲግሪ ስለ ሆነ አንድ በመቶ ማለት 3.6 ዲግሪ ነው። የኛን ወረዳ ምሳሌ እናድርግ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የደራ ወረዳ ሕዝብ 248,464 ነበረ፤ ከዚህም ውስጥ በከተማ ነዋሪ የሆነው 16,772፥ ማለት 6.75 በመቶ ነው። ይህን በክብ ብንሥለው የከተማው ሕዝብ 24.3 ዲግሪ የምታህል ቀጭን ቁራጭ ይደርሰዋል፤ ሐሙሲትም የምትገኘው በዚያች ቁራጭ ውስጥ ነው። በዚያው ቆጠራ የደቡብ ጎንደር ዞን ሕዝብ 2,051,738 ሲሆን የከተማው ነዋሪ 195,619፥ ማለት 9.53 በመቶ ነበረ። ይህም በክብ ላይ 34.3 ዲግሪ ነው። ሁለቱን ክቦች በአንድ መጠን ሥለን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው የዞኑ ቁራጭ ከወረዳው ቁራጭ በጥቂቱ ብቻ ሰፍቶ ይታያል፤ በሰው ብዛት ግን ከ11 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ስለዚህ ሁለት ክብ ጎን ለጎን ባየን ቁጥር የእያንዳንዱ ሙሉ ቁጥር ከሥሩ መጻፉን ማየት አለብን። ካልተጻፈ ሥዕሉ ጌጥ ነው።

ከዚህም ሌላ ዓይናችን ማዕዘንን በመመዘን ረገድ ደካማ ነው። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰው ከማዕዘን ይልቅ በአንድ መስመር ላይ የተሰለፉትን ርዝመቶች አስተካክሎ እንደሚያነጻጽር አሳይተዋል። 23 በመቶንና 26 በመቶን በክብ ውስጥ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ በዘንግ መልክ አቁመን ብናያቸው ግን የትኛው እንደሚረዝም ወዲያው ይታወቃል። ቢሆንም የክቡን ዋና ጉድለት ያስተዋልሁት ከሊቃውንት ሳይሆን ከአንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው።

በዚያው ክረምት ለሰፈራችን ልጆች ሒሳብ አስጠናቸው ነበር። የቀረበው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበረ፤ «የአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ 3,600 ብር ነው። ወጪው በክብ ሥዕል ሲታይ ለምግብ 150 ዲግሪ፥ ለቤት ኪራይ 90፥ ለልብስ 60፥ ለቁጠባ 36፥ ለልዩ ልዩ 24 ዲግሪ ነው። ለእያንዳንዱ ስንት ብር አወጣ?» ልጆቹ አንድ ዲግሪ 10 ብር መሆኑን ቶሎ ደረሱበት፤ 1,500፥ 900፥ 600፥ 360፥ 240 ብለው ጨረሱ። ድምራቸውም 3,600 ሆነ። ሁሉም ደብተሩን ሲከድን አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ጋሼ፥ ብድሩስ የት አለ?» አለችኝ። «የምን ብድር?» ብላት «በ3,600 ብር ቤት ተከራይቶ፥ በልቶ፥ ለብሶ፥ ደግሞ ቆጥቦ ወር የሚደርስ ሰው የለም። ተበድሯል። ብድሩን ክቡ ውስጥ አላየሁትም» አለች። ሌሎቹ ሳቁባት። እኔ ግን መልስ ለመስጠት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ክቡ የተሣለው ከደመወዙ ስለ ሆነ ከደመወዙ ውጭ ያለ ነገር በውስጡ ቦታ የለውም። ክብ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ምንም ቢጎድል 360 ዲግሪ መሆኑን አይተውም፤ የጎደለውን ባዶ ቦታ አድርጎ አያሳይም። የቀሩት ቁራጮች ይሰፉና ክፍተቱን ይሸፍኑታል።

ይህን በልባችን ይዘን ሁላችንንም ወደሚነካው ጉዳይ እንሻገር። ተማሪዎች የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርስቲዎች እየገቡ እንዲፈተኑ ከተደረገበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የገለጠው ውጤት ይህ ነው። በ2014 ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ናቸው፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ከ845,099 ተፈታኞች 27,267፥ ማለት 3.2 በመቶ አለፉ። በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፥ ማለት 5.4 በመቶ አለፉ። በ2017 ከ585,882 ተፈታኞች 48,929፥ ማለት 8.4 በመቶ አለፉ።

አስቀድመን የምናስተውለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ መቶ መኖሩን ነው። 50 በመቶው የነጥብ መቶኛ ነው፤ 3.3 በመቶው ግን የሰው መቶኛ ነው። ውጤቱ በተነገረበት ሰሞን በየሻይ ቤቱ «ተማሪው ከመቶ 3 አመጣ» ሲባል የሰማ ሰው ሁለቱ መቶዎች እንዴት እንደሚደባለቁ ያውቃል።

ቀጥሎ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓመት እናነጻጽር። ከ3.3 ወደ 8.4 ከፍ ማለት 5.1 የመቶኛ ነጥብ ነው። በእጥፍ ከተቈጠረ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ያለፉትን ሰዎች ብዛት ካየን ግን ከ29,909 ወደ 48,929 ማደጉ የ64 በመቶ ያህል ጭማሪ ነው፤ አንድ እጥፍ እንኳ አልሞላም። ሦስቱም አነጋገር ልክ ነው። ታዲያ መቶኛው ሁለት እጥፍ ተኩል ሲሆን ሰዎቹ በ64 በመቶ ብቻ እንዴት ጨመሩ? መልሱ በመቶው ውስጥ ነው። ተፈታኙ ከ896,520 ወደ 585,882 ወርዷል፤ ከሲሶ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። በ2017 ያለፉትን 48,929 ተማሪዎች በ2014ቱ ተፈታኝ ቁጥር ብናካፍላቸው 5.5 በመቶ ያህል ይሆኑ ነበር። በእርግጥ ያልተፈተኑት ቢፈተኑ ስንቱ ያልፍ እንደ ነበረ ማንም ሊናገር አይችልም። ይህን ስል ያለፉትን ልጆች ድካም ማቃለሌ አይደለም፤ 19,020 ተጨማሪ ተማሪ ማለፉ የሚያስደስት ነገር ነው። የምለው መሻሻሉን ለመለካት ላዩን ብቻ ሳይሆን ታቹንም ማንበብ ይገባል ነው።

310,638 ተፈታኝ የቀነሰበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። መነሻ ያደረግነው የ2014 ቁጥርም ራሱ ሙሉ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በነበረው ጦርነት ምክንያት የትግራይ ተማሪዎች አልነበሩበትምና። በክልላችን ግን ከምክንያቶቹ አንዱን ሳንነጋገር እናውቀዋለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ውጊያው ከተነሣ ወዲህ በብዙ ወረዳ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ከፊሉ ተከፍቶ እንደ ገና ተዘግቷል።

እህል የሚነግዱት አክስቴ አንዲት ልጅ አለቻቸው። በ2016 ዓ.ም. ልትፈተን ይገባት ነበር፤ አልተፈተነችም። ውጤቱ በተነገረ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ «5.4 አለፉ፥ 94.6 ወደቁ» እያለ ሲያወራ እርሷ ዝም ብላ ስንዴ ታበጥር እንደ ነበረ እናቷ ነግረውኛል። ከ5.4ቱ ውስጥ አይደለችም፤ ከ94.6ቱም ውስጥ አይደለችም። አላለፈችም፥ አልወደቀችምም። ሁለቱ ሲደመሩ 100 ይሆናሉ፤ ክቡም ሞልቶ ተዘግቷል። በየትኛውም ቀለም የተቀባ ቦታ አልተረፈላትም። አክስቴ በንግዳቸው ጎበዝ ስለ ሆኑ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቈጥረው ሲያበቁ የቀሩትን የሚቈጥር ሌላ ሰው አለ?» ይህም ያው የአጎቴ ጥያቄ ነው፤ ያችም ተማሪ «ብድሩስ የት አለ?» ስትል የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከኛ መካከል መምህር የሚሆን አለ፤ ጋዜጠኛ የሚሆን አለ፤ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ዘገባ የሚጽፍም አይጠፋም። ሁላችንም መቶኛ እንጽፋለን፤ ክብም እንሥላለን። እኛ ራሳችን የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶ ስንጠብቅ በሌሎች ዘገባ ውስጥ ቁራጭ እንሆናለን። ስለዚህ ሦስት ልማድ ብንይዝ መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፥ ቁጥር ከመጻፋችን በፊት ሙሉውን እንጥራ፤ አማርኛችንም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሁለተኛ፥ መቶኛ ተለወጠ ስንል ላዩ ነው ወይስ ታቹ የተለወጠው ብለን እንጠይቅ። ሦስተኛ፥ ክብ ስንሥል በውስጡ ያልገቡት ስንት እንደ ሆኑ ከግርጌው እንጻፍ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ከማካፈልና ከማባዛት በላይ ሒሳብ አያስፈልግም፤ የሳይንስ ወንድሞቻችንም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ መሣሪያ የላቸውም።

በቤታችን እንጀራ በመሶብ ሲቀርብ ሁሉም ከፊት ለፊቱ ይቈርሳል፤ እንጀራውም እንደ ክቡ ሥዕል ያለ ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ከቤተ ሰቡ አንዱ በሰዓቱ ካልደረሰ እናት ከመቁረሱ በፊት ድርሻውን አንሥታ ከድና ታስቀምጣለች። የመጡት በልተው ሲጠግቡም የቀረው ሰው ድርሻ መኖሩ በቤቱ ውስጥ የታወቀ ነው።